ካሣ ወደ ምንጩ ሲወርድ

በዋግ ኽምራ ተራሮች ከእኔ የተሻለ ተኳሽ አልተፈጠረም። ሰቆጣ ቆሜ ዝቋላ ላይ ያረፈች ዝንብ ግራ ክንፏን እመታለሁ፤ ቀኙን የምተወው ለልጆቿ አዝኜ ነው። እንዲህ እያልኩ ነበር የዘመትኩት። በመጀመሪያው ቀን የመታሁት ግን የራሳችንን የውሃ ጀሪካን ነው።

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ መጥታችሁ «አያ ደስታ፣ በቀልዎን ለእግዚአብሔር የሰጡበትን ቀን ይጻፉልን» ስላላችሁኝ ነው ይህን የምጽፈው። እሺ። እንደነበረ እጽፋለሁ።

ትእዛዝ የደረሰን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሚሊሻዎች ነበርን። መሪያችን ሃምሳ አለቃ በሪሁን «ከጽጽቃ በላይ ያለውን ኮረብታ እንይዛለን፤ ቀያሪ እስኪመጣ አንለቅም» አለ። ሌላ ንግግር አላደረገም። ኮረብታው ላይ አንዲት ዛፍ አልነበረችም። ራሰ በራ ብለን ስም አወጣንለት።

ከአሥራ ዘጠኛችን አንዱ ካሣ ነው፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ንቤ ኮብልሎብኝ ነበር። የአገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል ተከትሎ ማረፊያውን ካየ ንቡ የእሱ ነው፤ ካላየ ቀፎው ውስጥ ለገባለት ሰው ይሆናል። ንቤ ሲወጣ እኔ ማኅበር ላይ ሦስተኛ ዋንጫ ጠላ ይዤ ነበር። ስመለስ የእኔ ቀፎ ጭር ብሏል፤ የካሣ ቀፎ ይዘምራል። ሽማግሌዎች ፊት «እስከ ወንዙ ተከትያለሁ!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «ወንዙን በየት በኩል ተሻገረ?» ሲሉኝ አንዴ በላይ አልኩ፣ አንዴ በታች። ለካሣ ፈረዱ።

የቆጨኝ ማሩ አይደለም። ንቡ መርጦት መሄዱ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው ሁሉ ካሣን ይወዳል። በሬው ጎጆ ያክላል፤ ገብሱ ፈረሰኛ ይሸሽጋል። የገዛ ሚስቴ አጥር ሳጥር አይታ «ካሣ ቢሆን ቀጥ ያደርገው ነበር» ትለኛለች። አሁን ደግሞ ንቦቹ ከእነሱ ጋር ተሰለፉ። የንስሐ አባቴን «አባ፣ ደሜ ፈላ፤ እገድለዋለሁ» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ። ፈራጁ አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቸኩልም።»

«እኔ ግን እቸኩላለሁ አባ።»

ከዚያ ነው ከካሣ ጋር አንድ ምሽግ የደረሰን።

ከማዶው ተራራ ተኩስ የተከፈተብን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልሸሸግ ስንደረደር ተደናቀፍኩ፤ ጣቴ ቃታው ላይ ነበረ። ከሁለቱ ጀሪካኖቻችን አንዱ ተበሳ። «ውሃችንን መቱት!» ብሎ የጮኸውም እኔው ነኝ። ካሣ ቀዳዳውን በጣቱ ነካ፣ አየኝ፣ ምንም አላለም። እኔ ብሆን ጥሩንባ አስነፋ ነበር። ዝም ማለት መቻሉም አስቀናኝ።

ሁለት ጊዜ መጡብን። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። አራት ሰዓት ላይ መኮንን ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሙ ተከተለው። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ አለቀ። ሁለት ቁስለኞች ነበሩን፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«እኔ ወደ ምንጩ እወርዳለሁ» አለ ካሣ።

«ምንጩ ገላጣ ላይ ነው። ያዩሃል» አለ በሪሁን።

«ካዩኝማ ሰላም ይሉኛላ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቁስለኞቹ ሳይቀሩ። በዚያ ጋንታ ውስጥ ማሳቅ የእኔ ሥራ ነበር። እሱንም ወሰደብኝ።

በሪሁን ወደ እኔ ዞሮ «ደስታ፣ አንተ ሽፋን ስጠው» አለ። ባዶውን የጥይት ካዝና ነቅዬ ሙሉውን ሰካሁ። ካሣ ጎንበስ ብሎ ወረደ። ከማዶ አልፎ አልፎ ይተኮሳል። በዚያ መሃል አንዲት ተጨማሪ ጥይት ማን ይቆጥራታል? አፈሙዙ ከማዶው ተራራ ወርዶ የካሣ ጀርባ ላይ አረፈ። በራሱ አልወረደም፤ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ካሣ ጀሪካኑን ሞልቶ ቀና ሲል ዞረ። ተያየን። አልሮጠም። ጀሪካኑንም አልጣለም። ጠመንጃዬን መሬት አስነካሁ።

ወጥቶ መጀመሪያ ለቁስለኞቹ አጠጣ። ከዚያ እኔ ጋ መጣ።

«ጠጣ።»

ጠጣሁ።

«ልትመታኝ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። ጀሪካኑን መለስኩለት። «ለፈጣሪ ሰጥተህ ተውከኝ። እኔ ብሆን ይህ ልብ ከየት ይመጣልኛል? በል፣ በሰላም ከገባን ያንን ቀፎ ለሁለት እንከፍለዋለን።»

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ካሣን ሆዱ ላይ አገኘው። እስከ ሦስት ሰዓት ቆየ። በሪሁንን ጠርቶ «ደስታ ጠላቱን እጁ ላይ አግኝቶ ምሮኛል። ከማሩ ድርሻውን ስጡልኝ» አለው። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። ቀያሪዎቻችን የደረሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ወጣን፤ አሥራ አራት ወረድን። መኮንንን፣ ወንድሙን፣ ሁለቱን ቁስለኞችና ካሣን ቀበርን። ከማዶ የወደቁትን አልቆጠርንም፤ እነሱም የምትቆጥራቸው እናት አለቻቸው። ለካሣ ለቅሶ ከደሃና ሳይቀር ሰው በእግሩ መጣ። የእኔ ቀን ሲደርስ ግማሹ እንደማይመጣ አውቄ፣ አስከሬኑ አጠገብ ቆሜ ቀናሁ።

በሪሁን ቃሉን ለአባ ነገራቸው። አባ ሰበኩበት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ቦታ ይለቅልኛል። የካሣ ሚስት በየጥቅምቱ ነጭ ማር በቅል ይዛ ትመጣለች። «አያ ደስታ፣ ድርሻዎ» ትለኛለች። እቀበላታለሁ። አንዳንዱ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «አየህ፣ ዝም ብትል ፈረደልህ» ይለኛል። እንዲህ አትበሉ። ካሣ ንብ አልሰረቀም፤ ንቡ መጣለት እንጂ። ፍርድ ካለ እኔ ላይ ነው፤ በቅል እየሆነ በየዓመቱ ይመጣል።

እንግዲህ ልጆች፣ ደብተራችሁን ከመመለሴ በፊት የቀረችውን ልጻፍ። እኔ በቀሌን ለማንም አልሰጠሁም። ካሣ ከመዞሩ በፊት ቃታውን ስቤ ነበር። ቀጭ አለ። የዋግ ኽምራ አንደኛ ተኳሽ፣ ካዝና ሲቀይር ማቀባበል ረስቶ ነበር።