የታሰረው ነጠላ

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ከጀርባዋ ቋጠረችው። ልጅቷ የጡቷን ሽታ እንዳታገኝ ነው።

"አጠበቅሽው" አላት ባሏ ማንያዘዋል።

"ይጥበቅ።"

ቁስቋም ሰፈር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆመዋል። እሑድ ነው፤ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል። ልጃቸው ምስጢር ሰላሳ አንድ ቀኗ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናቷም እስከዚያው ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የምስጢር ልብ ግን ሰማንያ ቀን ላይጠብቅ እንደሚችል ሐኪሙ ተናግሯል። ቀዶ ጥገናው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋው ስምንት ወር። ይህን ሲሰሙ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ቄስ ኪዳነወልድ "ለእሑድ አምጧት" አሉ። ከጥምቀቱ በኋላ ትቆርባለች። የምትቆርብ ሕፃን ጎህ ከቀደደ ወዲያ ጡት አትጠባም አሏቸው።

ይህ የሚያስቸግር አልመሰላቸውም። ምስጢር አራት ቀን ሙሉ ጡት አልያዘችም። ከእናቷ ጡት እያለቡ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል፤ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል።

ባንቺአየሁ የመጣችው ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከምስጢር በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አገሯ ሳለች በየወሩ በማርያም ቀን ደጁን ስማ ትመለስ ነበር፤ ጸሎቷም አንድ ነበር፤ ልጅ ስጪኝ። ከተሰጣት ወዲህ ደግሞ፣ አትውሰጂብኝ። ሌላ ጸሎት አታውቅም።

ሸዋገነት ደረሰች። ቤቷ ያሳረፈቻቸው የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ ዛሬ ደግሞ የክርስትና እናት።

"ነይ የኔ ሸጋ" አለች እጇን ዘርግታ። "እናትሽ ራሷን እንደ ነዶ ጠፍራዋለች፣ አየሻት?"

ባንቺአየሁ አልሳቀችም። ልጇን ለማቀበል ስታነሳት ምስጢር አንገቷን አዞረች። አፏን ከፈተች። ፊቷን ነጠላው ላይ እያሻሸች ጡት ፈለገች።



"ምነው ዛሬ?" አለ ማንያዘዋል።

"እርቧት ነዋ" አለች ሸዋገነት።

"አራት ቀን ሙሉ አልራባትም?"

የባንቺአየሁ እጅ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ነጠላው ረጥቧል።

"ስጫት" አለ ባሏ። "ቁርባኑ ለሌላ ቀን ይሁን።"

"ለየትኛው ሌላ ቀን?"

እጇን ከቋጠሮው ላይ አነሳች።

"እትዬ፣ ውሰጃት" አለች ባንቺአየሁ።

ከአጥሩ ውጭ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆመች። የልጇን ልቅሶ ሰማች። ውኃው ሲነካት ከፍ አለ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ ቅዳሴው ዋጠው። ግንቡን ተደግፋ ልጸልይ አለች። "አትውሰጂብኝ" ብላ ጀመረችና ተወችው። ጡቱን ያሰረችው ራሷ ናት፤ ምን ብላ ትለምን? "ይኸው ቆሜያለሁ" አለች። ሌላ የሚባል አላገኘችም። ያንኑ ደጋገመችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሸዋገነት ከማንያዘዋል ጋር ወጣች። የምስጢር አንገት ላይ ማተብ ታስሯል።

"ወለተ ሥላሴ ተብላለች። ቆርባለች። ጠብታ አልተፋችም።"

ባንቺአየሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮውን አስፈታች። ጡቷን አፏ ላይ አደረገችላት። ምስጢር አልነቃችም። ከንፈሯን በወተት አራሰችላት፤ ጉንጯን ነካካቻት፤ በሁለቱም ስሟ ጠራቻት። አፏን አልከፈተችም።

ቄስ ኪዳነወልድ ወጥተው መስቀል አሳለሟት።

"አባ፣ ጠዋት ጡት ጠይቃኝ ነበር። ብሰጣት ኖሮስ?"

ቄሱ ልጅቷን አዩ። መስቀላቸውን በመሐረብ ጠቀለሉት።

"አላውቅም ልጄ።"

"እርስዎ ካላወቁ . . ." ብሎ ማንያዘዋል ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

ቄሱ አልተቆጡም፤ አልሄዱምም። ከባንቺአየሁ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ እስኪበተን ድረስ ከዚያ አልተነሱም።

ምስጢር ማክሰኞ ሞተች። በሰማንያኛው ቀን ባንቺአየሁ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ገባች።