መጀመሪያ ሻጩ ይሳፈርባት

ነገሩ የደረሰብኝ አምና በጥር፣ በሰርግ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ካሜራዬን አንገቴ ላይ ባጠለቅሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ስንት ጊዜ እንደሳቅሁበት አላውቅም፤ ስንት ጊዜ እንደተናደድሁበት ግን አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ ለማንም አውርቼው አላውቅም። እዚህ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አደራ፣ ጋሽ ሰይድ እንዳይሰሙ።

ባሕር ዳር ውስጥ ሰርግ አነሳለሁ። ሥራውን ከጀመርሁ አስር ዓመት አልፎኛል። ካሜራዬም አብራኝ አርጅታለች፤ ላይዋ ተልጧል፣ አንዱ ቁልፏ ካልተቆጧት አይታዘዝም። ግን ታነሳለች። ሙሽሮችን ጣና ዳር አቁሜ፣ ቬሎው ጭቃ እንዳይነካው ሚዜዎቹን እየተቆጣሁ፣ በዚችው ካሜራ የከተማውን ግማሽ ድሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያን ሰሞን አንድ ትልቅ ሰርግ መጣልኝ። የሙሽራዋ ወንድም፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» የሚለው ሰው፣ ደወለልኝ። ያነሳሃቸውን ፎቶዎች ልይ አላለም። ዋጋ እንኳ አልጠየቀም።

«ካሜራህ ፉል ፍሬም ነው?» አለኝ።

«አይደለም፤ ግን…»

«የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ በፉል ፍሬም ነው የተነሳው። እኛ ከእነሱ እናንሳለን? እስከ ዓርብ ፉል ፍሬም ካላገኘህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። ቅር እንዳይልህ።»

ቅር አለኝ እንጂ! ፉል ፍሬም ማለት ውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሰፋ ያለ ካሜራ ነው። ጨለምለም ባለ ቦታ ያነሳው ፎቶ ጥርት ይላል። ዋጋው ግን አይቀመስም። ኢንጂነሩ ይህን ሁሉ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ጎረቤቱ ያለውን ማወቁ በቂ ነበር።

እኛ ቤት የተቀመጠ ገንዘብ አለ። ግን ባለቤት አለው። የውባለም የልብስ ማጠቢያ ማሽን መግዣ ነው። ውባለም ሚስቴ ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ስትመለስ ደግሞ የሦስት ልጆች ልብስ ተከምሮ ይጠብቃታል። ወገቧን ካመማት ቆይቷል። ሐኪሙ «ጎንበስ አትበይ» ብሏታል፤ የእኛን ልጆች ስላላያቸው ነው።

ነገሩን ሳጫውታት ሰምታኝ ስታበቃ «ግዛ» አለችኝ። እሷን የምፈራት እንደዚህ ስትል ነው።

«ግዛ ግዛ! ወገቤን በፉል ፍሬም ታነሳልኛለህ።»

በማግስቱ ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለች አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ናቲ ከአዲስ አበባ የመጣ ፈጣን ልጅ ነው። ካሜራዋን ከካርቶን አወጣና ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው በሁለት እጁ ሰጠኝ። ሪፈርቢሽድ ናት፤ ሰው ሲሠራባት ቆይቶ፣ ፋብሪካ ተመልሳ፣ ታድሳ የመጣች ማለት ነው። ዋጋዋ የአዲሱ ግማሽ ነው፤ በእኛ ቤት ሒሳብ ደግሞ ልክ አንድ ማጠቢያ ማሽን።

«የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበረች ብሮ። ወፍ ብቻ ነው ያነሳባት» አለኝ።

መኪና ሻጭ «ሴት ናት ስትነዳት የኖረችው» ይል የለ? ያው ነው። ወፍ ካሜራ አያደክምም ያለው ማን ነው?

ግን አላማረችኝም ብል ዋሾ ነኝ። ከሁሉ ከሁሉ ማንገቻዋ! ሰፊ፣ ጥቁር፣ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ክር «ፉል ፍሬም» የሚል በፈረንጅ ፊደል የተጠለፈበት። ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ልቤ ክፉኛ ሸፈተ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ናቲም ነገሩ ገብቶታል፤ መታወቂያዬን ያዘና «አንድ ቀን ሙሉ ሞክራት» ብሎ ለቀቀኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም ካሜራ አንጠልጥዬ ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ወፉንም፣ ውሃውንም፣ ጀልባውንም በሁለቱም እያፈራረቅሁ አነሳሁ። ፀሐይ ላይ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ወዳሉበት ዋርካ ሄድሁ።

ጋሽ ሰይድ ታንኳ ሠሪ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ሐይቁ ዳር ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ቄጠማ ሲጠፍሩ የኖሩ ናቸው። ሙሽሮቼ ታንኳ ላይ ተቀምጠው መነሳት ሲያምራቸው ታንኳውን የሚያውሱኝ እሳቸው ናቸው። በዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠው ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው ያጠብቃሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?»

«ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሙሽራ ስታነሳ ኖረህ ዛሬ ታየሁህ?» አሉኝ።

አፈርሁ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አንስቻቸው አላውቅም። ጥላው ድቅድቅ ያለ ስለነበር አሮጌዋን ትቼ በታደሰችዋ አነሳኋቸው። አንዲት ፎቶ ብቻ፤ ገመዱን እንደነከሱ ቀና ሲሉ።

ከዚያ ጉዳዬን ሁሉ ዘረገፍሁላቸው። ሰርጉን፣ ኢንጂነሩን፣ የውባለምን ወገብ፣ ታድሳ የመጣችውን ካሜራ። «ታድሳ» ስል ገመዱን ከጥርሳቸው አውጥተው ሳቁ።

«የታደሰማ እኔን ጠይቀኝ! ታንኳ ውስጡ ይበሰብስና ላዩን በአዲስ ደንገል ይለብጡታል። ዓይን አይለየውም፤ እኔም አልለየው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚገዛው?»

«መጀመሪያ ሻጩ ይሳፈርባታል። ገዥው ዳር ቆሞ ያያል። እኛ ዘንድ ወጉ ይኸ ነው። ሻጩ ቢስሚላህ ብሎ ከገባ፣ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስባት ታያለህ። ‹ዛሬስ ጉንፋን ይዞኛል፣ ሰው ይጠብቀኛል› ካለህ ግን ልጄ፣ በእግርህ ሂድ።»

ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ለውባለም አሳየኋት። «የትኛዋ ትሻላለች?» ብላት፣ «ሁለቱም ላይ ያው ውሃ ነው» ብላኝ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ናቲ ዘንድ ሄድሁ። ቀለበት ማሰሩን ሰምቼ ነበር።

«ናቲ፣ ሰርግህ መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ፣ እግዜር ካለ።»

«በዚች ካሜራ ትነሳለህ?»

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «እኔማ… አዲስ አበባ አንድ ጓደኛዬ አለ፤ አዲስ ካሜራ ይዞ ይመጣል። ቀድመን ተነጋግረናል» አለኝ።

በቃ፣ ጉንፋን ያዘው። ፎቶዎቹ ያሉበትን የራሴን ካርድ አውጥቼ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት።

ከዚያስ አትሉም? የሰው ዕቃ ቀኑን ሙሉ አንጠልጥዬ ውዬ ባዶ እጄን መውጣት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። አሻቅቤ መደርደሪያውን ባይ የምገዛው አጣሁ። «ማንገቻዋን ለብቻዋ ትሸጥልኛለህ?» አልሁት። ናቲ ጤንነቴን እንደተጠራጠረ እያስታወቀበት ፈታና ሸጠልኝ።

ቤት ገብቼ ማንገቻውን አሮጌዋ ካሜራዬ ላይ አሰርሁት። ተልጦ የነበረውን ጎኗን ሁሉ ሸፈነው። ዓርብ ኢንጂነሩ ሲደውል «መጥተህ እይ» አልሁት። መጣ። ካሜራዋን ዞር ብሎም አላያትም፤ ማንገቻውን ጮክ ብሎ አነበበና እጄን ጨበጠኝ።

«አሁን ሰው ሆንህ!» አለኝ።

ዋሸሁ አልልም፤ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። እንደ ደንገሉ ላዩን ለበጥሁ እንጂ። ውባለም ከጓዳ ሆና «እግዜር ይይልህ» ስትል ሰማኋት፤ እየሳቀች ነበር።

በሰርጉ ዕለት ግን መሳቁ ቀረ። አዳራሹ ጨለምለም ያለ፣ መጋረጃው እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ። አሮጌዋ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን እንደምታደርገኝ አውቃለሁ። ፎቶው ከተበላሸ ያች ልጅ ሁለተኛ አትዳርም። እኔም የሰው ደስታ አበላሽቼ በዚህ ከተማ ዓይኔን አቅንቼ አልሄድም። መጋረጃ አስገለጥሁ፣ ሙሽሮቹን መስኮት መስኮት አስያዝሁ፣ አማቶቹን በረንዳ ላይ አወጣሁ፣ አንዷን አክስት ብርሃን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ከወንበሯ አስነሳኋት። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ሠርቼ አላውቅም። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነው የወጣሁት።

አልበሙ ሲደርስ ቤተሰቡ ዙሪያውን ከቦ አየ። አማረ። እውነትም አማረ። ኢንጂነሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አየህ? ካሜራው ይናገራል እኮ!» አለኝ። የሙሽራዋ እናት ደግሞ ወደ ካሜራዋ ጎንበስ ብለው «ተባረኪ» አሉ። ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ ዕረፍት አጣ። «ያ ባለ ፉል ፍሬሙ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ማጠቢያ ማሽኑም ተገዛ፤ ውባለም ፊት ለፊቱ ወንበር ይዛ ሲዞር ታየዋለች፣ ከቴሌቪዥን ይበልጣል ትላለች። እኔ ግን አንዳንድ ቀን ብግን እላለሁ። አስር ዓመት ሙሉ ፀሐይና ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ስሠራ ያላየኝ ሰው በአንድ ቁራጭ ጨርቅ አየኝ። ያች የናቲ ካሜራም ብትሆን ሌላ የሙያ ባልደረባዬ ገዝቷት እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስቸገረችውም። እኔን ባየ ቁጥር «እንደ አንተዋ ጥሩ ናት» ይለኛል።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። የጋሽ ሰይድን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ወሰድሁላቸው። እጃቸውን በኩታቸው ጠራርገው ተቀበሉኝ። ብዙ አዩት። ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ፣ የገመዱ ጭረት፣ በጥላው ውስጥ ዓይናቸው ውስጥ የገባችው የሐይቁ ብርሃን፣ ሁሉም አለ።

«ማሻአላህ» አሉ። «ዓይን አለህ ልጄ። እጅህ ይባረክ።»

ለምጄ ነው መሰል «ካሜራው ነው፣ ጋሽ ሰይድ» አልኋቸው።

«ካሜራ ምን ያውቃል?» ብለው ተቆጡኝ። «ታንኳ በራሱ ይቀዝፋል እንዴ?»

እንባዬ መጣ። በዚህ ሁሉ ዓመት ካሜራውን ትቶ እኔን ያመሰገነኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዞር ብዬ ሐይቁን የማይ መሰልሁ።

እንግዲህ ልናገረው። ካሜራው ነው ያነሳት የተባለችው ፎቶ ሁሉ የራሴ ሥራ ነበረች። የራሴ ናት የተባለችልኝ አንዲቷ ፎቶ ግን ያች የመለስኋት ፉል ፍሬም ያነሳቻት ናት። አሮጌዋ በዚያ ጥላ ውስጥ ያንን ፊት በምንም አታወጣውም ነበር፤ በኋላ ሞክሬያለሁ፣ ጭቃ ነው የሰጠችኝ።

ጋሽ ሰይድ ፎቶውን በራቸው ላይ ሰቅለውታል። ሙሽራ ይዤ በወረድሁ ቁጥር «ይኸ ልጅ ነው ያነሳኝ፤ እጁን እዩት እጁን!» እያሉ ለእንግዶቻቸው ያሳዩኛል። እኔም ባለ ቢጫ ጽሑፉን ማንገቻ አንገቴ ላይ እንዳጠለቅሁ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አሜን እላለሁ።