በፊቴ ልክ የተቀመጠ ኩራዝ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት የኩራዙ ቦታ የሚመረጠው በእኔ ፊት ልክ ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው፤ ያኔ የሚመስለኝ እናቴ በመብራት መጫወት የምትወድ ሴት መሆኗ ብቻ ነበር።

ደባርቅ ያኔ ማታ ማታ ጨለማ የሚውጣት ከተማ ነበረች። በሰፈራችን ማሾ መብራት ያለው ሰው የተከበረ ነው፣ ፋኖስ ያለውም አይናቅም፤ እኛ ያሉን ከወተት ቆርቆሮ የተሠሩ ኩራዞች ብቻ ነበሩ። እናቴ ግን በእነዚያ ኩራዞች ቤታችንን እንዳሻት ታደርገው ነበር። አንዱን ከምሰሶው ጀርባ ታስቀምጠውና ብርሃኑ ወደ ጣሪያው ወጋግራ ብቻ ይወጣል። ሌላውን፣ ዳባት አጠገብ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎኑን በሳስታ በሠራችላት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ትከተውና ግድግዳው በብርሃን ነጠብጣብ ይሞላል። ሦስተኛው ላይ የምትደፋውን አረንጓዴ ጠርሙስ ራሷ ነበረች የምትቆርጠው፤ ላምባ የነካ ክር በወገቡ ላይ አስራ ትለኩሰዋለች፣ ክሩ ነድዶ ሊያልቅ ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች፣ ጠርሙሱም ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ጎረቤቶች ገና ከበር ሲገቡ «አንቺ፣ ቤትሽን ምን ብትቀቢው ነው እንዲህ ያማረው?» ይሏት ነበር። ከእበትና ከጭቃ በቀር የተቀባ ነገር አልነበረውም።

እኔ የምቀመጥባት ዱካ ግን ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ ነበረች። ነፍስ ሳላውቅ ፈንጣጣ ይዞኝ ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ በሳስቶት ሄዷል። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ያየኛል፣ ከዚያ ዓይኑን ያሸሻል፣ ከዚያ ደግሞ «እኔን!» ሊል ይመለሳል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ማዘኑ ነበር።

የእናቴ አባት ከዛሪማ ወደ እኛ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ አህያና በቅሎ እየነዱ፣ የሊማሊሞን አቀበት እየወጡና እየወረዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሲመጡ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ወንድሜ ማለደ እጃቸውን ይዞ ነበር ያስገባቸው። ስለ እኔ የተነገራቸው ታምሜ እንደነበርና እንደ ዳንኩ ብቻ ነው። ራሴን እየዳበሱ ይመርቁኛል፤ እጃቸው ወደ ግንባሬ ወረድ ሲል ግን ቀስ ብዬ ጎንበስ እል ነበር።

አያቴ ኩራዙ መለኮሱን የሚያውቁት በሰላምታ ነው። በአገራችን ኩራዝ ሲለኮስ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ የዋለ ሰው እንኳ ቢሆን፣ አንዱ ለአንዱ «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላል። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በራ እንዴ?» ይሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ምድጃው ጠጋ ይላሉ። የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበን፣ የጎረቤት ልጆች ከማለደና ከእኔ ጋር ፍሙን ከበን፣ ተረቱ ይጀመራል።

ከሁሉ የምንወደው የሊማሊሞዋን ሴት ተረት ነበር። አመሻሽ ላይ አቀበቱን የሚወጡ ነጋዴዎች አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት መንገድ ዳር ቆማ ያገኛሉ። ድምፅዋ ያምራል። «እሳት አውሱኝ፤ ቤቴ ጨልሞብኛል» ትላለች። ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ልቡ የማያርፍለት ጎረምሳ፣ «እስቲ መጀመሪያ ፊትሽን ልይ» ብሎ ፋኖሱን ከፍ ያደርጋል። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበር። ፍሙ ሲፈነዳ እንኳ እንደነግጣለን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፊቷ እንደ ወንፊት የተበሳሳ! ቢቆጥሩት የማያልቅ ቀዳዳ! ለካ ጭራቅ ኖራለች!» ይላሉ።

ልጆቹ ይጮሃሉ። ጮኸው ሲያበቁ ደግሞ፣ ሊያደርጉት ፈልገው ሳይሆን፣ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ።

ነጋዴዎቹን ከጭራቋ የምታድናቸው አንዲት ብልህና ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ አያቴ መልኳን ሲነግሩን «ልክ እንደኛዋ እናኑ!» ይሉ ነበር። እናኑ እኔ ነኝ። እናቴ አንድ ጊዜ «አባባ፣ እስቲ ዛሬ ሌላ ይንገሯቸው» ብላ ሞክራ ነበር። «ምነው፣ ፈሩ እንዴ?» አሏት። ምን ትበላቸው? እውነቱን ብትነግራቸው አፋቸውን ዳግመኛ ለተረት እንደማይከፍቱ ታውቃለች፤ ለእሳቸው ደግሞ የቀራቸው ሥራ እሱ ብቻ ነበር። እኔም ቀሚሷን ይዤ «እንዳትነግሪያቸው» ብዬ ለምኛታለሁ። በማግስቱ ምሽት ኩራዙ ከምሰሶው ጀርባ ሄደ።

አባቴ ሳንቃ በር በሚባል ስፍራ የፓርክ ዘበኛ ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ጎንደር ሆስፒታል ሞራ የሚገፉ ሐኪም አሉ ሲሉ ሰማሁ ብሎ አያቴን ይዟቸው ሄደ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ዓይናቸው እንዲበራላቸው ከልቤ እፈልግ ነበር፤ እኔን እንዲያዩኝ ግን አልፈልግም ነበር። በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት እየባነንኩ፣ ያ ጎረምሳ ፋኖሱን ወደ እኔ ሲያነሣ አያለሁ።

አያቴ አንድ ዓይናቸው ተሠርቶ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ በኪሳቸው ወፍራም መነጽር ይዘው ተመለሱ። የደባርቅ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ድሬሰር እየመጣ ያያቸው ነበርና፣ ጨርቁ የሚፈታበት ቀን ሲደርስ እናቴን አስጠነቀቃት። የፀሐይ ብርሃን እንዳያገኛቸው፣ ማታ ለስለስ ባለ መብራት ይፈታ። አያጎንብሱ። ከሁሉም በላይ እንዳያለቅሱ፣ ዓይኑ ሊበላሽ ይችላል።

የዚያን ቀን እናቴ ኩራዞቹን ከቀትር ጀምሮ ስታነሣና ስትጥል ዋለች። በሩን ዘግታ ቤቱን አጨለመችው። እኔ ውኃ ቀድቼ ስመለስ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። የእኔ ዱካ ላይ ቁጭ ብላለች። አያቴ ጎረቤት ስለነበሩ ማለደን በመደባቸው ላይ አስቀምጣዋለች።

«ከዚያ ሆነህ ይታይሃል?»

«ምኑ?»

«ፊቴ።»

«አይታይም።»

«አሁንስ?» ኩራዙን ትንሽ ገፋ አደረገችው።

«ልብስሽ ይታያል። ፊትሽ አይታይም።»

«ጎሽ» አለች እናቴ፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እንስራውን ታቅፌ እዚያው ቆምኩ። ጎረቤት ያደነቀው ያ ሁሉ ውበት፣ ጠርሙሱም፣ የተበሳሳው ማሰሮም፣ ለምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። የአያቴን ዓይን ከእንባ ልታድን መሆኑን አላሰብኩም፤ እናቴ በእኔ ያፈረች መሰለኝ።

ሲመሽ አባቴ በሩን ዘጋ። እናቴ ኩራዞቹን ለኮሰች፣ ሁላችንም በቀስታ «እንደምን አመሻችሁ» ተባባልን። አባቴ ጨርቁን ፈታላቸው፣ መነጽሩንም ክር አስሮ አጠለቀላቸው። አያቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኩራዙ ክር ላምባ ሲጠጣ የሚያሰማት ትንሽ ድምፅ ብቻ ነበር።

«እህ፣ ለምን አታበሩም?» አሉ አያቴ።

እናቴና እኔ ተያየን።

«ሰላምታ ሰማሁ እኮ። አልበራም እንዴ?»

«በርቷል፣ አባባ» አለች እናቴ።

አያቴ አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ኩራዞቹ አንዱ ከምሰሶ ጀርባ፣ አንዱ ቀዳዳው ወደ ጥግ በዞረ ማሰሮ ውስጥ፣ አንዱ ጠርሙስ ስር ሆነው ከወጋግራው ጥግ በቀር ብርሃን የያዘ ነገር አልነበረም፤ የሰው ፊት የሚባል ጭራሽ አይታይም።

«በቃ እንግዲህ» አሉ፤ «መጋረጃው አልተነሣም። በከንቱ አደከምኳችሁ፣ ልጆቼ።» መነጽሩን ሊያወልቁ እጃቸውን አነሡ።

እናቴ ኩራዙን ማንሣት ነበረባት። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየች ቆማ ቀረች። አባቴ ነገሩ አልገባውም፤ መብራቱ የደበዘዘው በድሬሰሩ ትእዛዝ መስሎት አቀርቅሯል። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ያሰብኩትን አሁን ድረስ አፍርበታለሁ፣ አልክደውም ግን፤ ዝም ብል አያቴ እስኪሞቱ ድረስ እኔን «ልክ እንደኛዋ እናኑ» እያሉ ይኖራሉ።

ከዚያ አያቴ ሊያለቅሱ መሆኑ ገባኝ። ተነሣሁ። አረንጓዴውን ጠርሙስ በባዶ እጄ አንሥቼ ጣልኩት፤ ጣቶቼ ተለበለቡ። ኩራዙን ይዤ መደባቸው ስር ተንበረከክሁና ጉንጬ አጠገብ ከፍ አደረግሁት። ጥላሸቱ በአፍንጫዬ ገባ።

አያቴ ወደ ኋላቸው ሸሹ።

ያንን ሽሽት ዛሬም አልረሳሁትም። ጀርባቸው ግድግዳውን እስኪነካ ነው የሸሹት። ኩራዙን ግን አላወረድሁም።

«ማን ነሽ?»

«እናኑ ነኝ፣ አባባ።»

ዓይናቸው ከግንባሬ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። አገጬ ላይ ደርሶ እንደገና ወጣ። ወደ እኔም ጠጋ አሉ።

«ፈንጣጣ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«እርስዎ ሳይመጡ በፊት።»

አያቴ ወደ እናቴ ዞሩና፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቅ ቁጣ፣ «አንቺ! ይህን ሁሉ ማታ እኔ አፌን ስከፍት፣ ከዚህ ቤት አፌን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ጠፋ?» አሏት። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ አለቀሰች። «አንቺስ?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «እዚህ ቁጭ ብለሽ፣ እንዲያ ስል እየሰማሽ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ተረቱን እንዳያቆሙብኝ ነው» አልኩ።

አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። አባቴ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ዓይንዎን! ማልቀስ ተከልክሏል!» አለ። አያቴ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ ጣሪያው አዩ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በአፍንጫቸው እየተነፈሱ፣ ጉሮሯቸው ላይ ያለው አጥንት እየወጣና እየወረደ፣ እንባቸውን ዋጡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ኩራዙን እንደያዝኩ ጠበቅኋቸው፤ በዚያ ቤት ከዚያ የበለጠ የፈራሁበት ሰዓት የለም።

ዓይናቸው ተረፈ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ኩራዞቹን ቤቱ መካከል፣ ሁላችንም የምንታይበት ቦታ ታስቀምጥ ጀመር፤ ቤታችንም እንደማንኛውም ጭቃ ቤት ሆነ። አያቴ ተረት መናገራቸውን አልተዉም። ግን አልሆነላቸውም። እያንዳንዷ ክፉ ቃል ከአፋቸው ሳትወጣ ፊቴን ያዩኛል፣ ቃሏንም ይውጧታል። የሊማሊሞዋ ሴት አንድ ቀን ጥርሰ ገጣጣ ሆነች፣ ሌላ ቀን ሰኮና አበቀለች፣ በመጨረሻ ምን እንደሆነች እንኳ ሳይታወቅ ቀረች። የሚጮህ ልጅ ጠፋ።

አንድ ምሽት ብቻችንን ስንሆን ኩራዙን እፍ ብዬ አጠፋሁትና ፍሙ ዳር ተቀመጥኩ። «እንደ ድሮው ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ፊቷም እንደ ድሮው ይሁን። እኔ አይከፋኝም።»

ጀመሩልኝ። ነጋዴዎቹ አቀበቱን ወጡ፣ ሴትዮዋ እሳት አውሱኝ አለች፣ ድምፅዋም አማረ። ጎረምሳው ፋኖሱን ከፍ አደረገ። አያቴ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«አልችልም» አሉ። «ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬው ነበር። ፋኖሱን ባነሣው ባነሣው የማየው አንቺን ነው።»

ያኔ በጣም ተቆጣሁ። ተረቴን የቀሙኝ መስሎኝ አኩርፌ፣ ሳልሰናበታቸው ገብቼ ተኛሁ። ሰው ለሰው ምን ያህል ነገር ሊተው እንደሚችል የማውቅበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም። ከዚያ በኋላ ፊቴን አይተው የራሩልኝ፣ ያሞገሱኝ፣ «ምንም አይታይብሽም» እያሉ የዋሹኝ ብዙ ናቸው። ያቺን ተረት ግን አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገሯትም፤ ልጆቹ እየለመኗቸው፣ እኔም ጭምር እየለመንኳቸው፣ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷትን ተረት ለእኔ ሲሉ ረሷት።