የደላላው ኮትና የመርፌ ድርሰት

መርፌ ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ቀጭን ስለሆነችና ለአባቷ ክር የምታስገባለት እሷ ስለሆነች ሰፈሩ ያወጣላት ነው። ልታመለክትበት ያሰበችው ኮሌጅ ታዲያ ከውጤቷ ጋር አንድ ድርሰት ጠየቃት። ዛሬ የሆንሽውን እንድትሆኚ ያደረገሽን ነገር ጻፊ ይላል ትእዛዙ። ለሌላው ቀላል ይሆናል። መርፌ ግን ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱ ላይ እንዳፈጠጠች ከረመች። ስለ ጽናት ጀመረች፣ ሰረዘች። ስለ ንባብ ጀመረች፤ እሱም ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነባትና ሰረዘች።

ፀጉር ሠሪዋ አክስቷ ምክር አጥታ አታውቅም። ከደንበኞቿ የለቃቀመችውን ይዛ መጣችና፣ እነዚህ ሰዎች የሚወዱት እንባ ነው፣ አባቴ ሞቷል ብለሽ ጻፊ፣ ማን መጥቶ ያያል አለቻት። ጉድ እኮ ነው፤ ይህን ያለችው ልብስ ሰፊው አባት የስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ እየሰማት ነው።

«ግዴለም፣ ግደሉኝ» አለ ፔዳሉን ሳያቆም። «የያዝኩትን ሱሪ ግን ልጨርስ፤ ባለቤቱ ነገ ይመጣል።»

ሁሉም ሳቁ። የእናትና የልጅ ሳቅ ግን ከጥርስ አላለፈም፤ የሱሪው አንድ እግር ተገልብጦ እየተሰፋ መሆኑን እያዩ ነበርና።

የዚህ ቤት ገመና ይህ ነው። የአባት ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ መነጽርም አይረዳህም ካለው ወዲህ የመስኮቱን ብርሃን እንጂ ሌላ አይለይም። ሥራውን ግን አልተወም፤ ጣቶቼ ያያሉ ይላል። እናት ትቆርጣለች፣ መርፌ ክር ታስገባለች፣ እሱ ይሰፋል። ከምሳ በኋላ ጓዳ ገብቶ ጋደም ሲል እናትና ልጅ በሩን ገርበብ አድርገው እሱ የሰፋውን ይተረትራሉ። መኪናው ቢጮህ እሱ ይሰማልና መልሰው የሚሰፉት በእጃቸው ነው። ደንበኛ መጥቶ ሲያመሰግን አባት ደረቱን ይነፋል፤ እነሱ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ከሁሉም የሚኮራው በደላላው ኮት ነበር። ያ አፉ ማር የሆነው የቤት ደላላ ኮቱን ለብሶ ያልዞረበት መንገድ የለም። አባትም ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ ዓይኔ ደክሞም ያንን የመሰለ ኮት አውጥቻለሁ ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኮቱ ከእሱ እጅ ሲወጣ እጅጌው ቦታውን ስቶ፣ ገበሩም ተጣሞ ነበር። በእጅ የሚቃና አልሆነም። እናት በዘንቢል ሸሽጋ ወጣችና፣ ከአክስት ጎረቤት መኪና ተውሳ ከኮሌታው እስከ ጠርዙ እንደ አዲስ ሠራችው።

የክፍል ኃላፊዋ መምህር የመርፌን ጅምሮች አዩና፣ ይሄንን ማንም ይጽፈዋል፣ አንቺ ብቻ የምታውቂውን ጻፊ አሏት። እሷ ብቻ የምታውቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ቤቷ ገብታ ጻፈችው። ሱሪውን፣ ገርበብ የሚለውን በር፣ ኮቱን፣ አንድም ሳታስቀር። ቃል እንዲህ ተሽቀዳድሞ መጥቶላት አያውቅም። ስትጨርስ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች።

የፈራችው የቤቱን ልማድ ነው። አባቷ ዓይኑ ከደከመ ጀምሮ እሷ የጻፈችው ነገር ለእሱ ሳይነበብ ከቤት አይወጣም። በማግስቱ ከመኪናው ዘወር ብሎ እስቲ አሰሚኝ አላት። ወረቀቱን ዘረጋችና ያልተጻፈበትን አነበበች፤ ስለ ጽናት፣ ስለ ተስፋ፣ አፏ ላይ እንደመጣላት።

አባት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ትናንት ስትጽፊ አፍንጫሽን ስትስቢ ነበር። በዚህኛው ማን ያለቅሳል? ስለ እኔ ነው፣ አይደል?»

መርፌ ወረቀቱን አጠፈችው።

«የኔ እናት፣ በመኪና የሰፋሁት በእጅ ተሰፍቶ ሳገኘው የማላውቅ መስሏችሁ ነው? ጣት እኮ አለኝ። እናንተን እንዳይከፋችሁ ብዬ ዝም አልኩ። በይ አንብቢው።»

ከትከሻዋ ላይ ሸክም የወረደላት መሰላት። ለሚያውቅ ሰው ምን ይደበቃል? አነበበች። ሱሪው ላይ ስትደርስ አባት ከልቡ ሳቀ። በሩ ላይ ስትደርስ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ስታይ ልቧ ሞላና ሳታቆም ወደ ኮቱ ገባች። እናት ካውያውን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ተይ፣ ተይ ትላት ነበር። ልጅት አቀርቅራ ስለነበር አላየቻትም።

«የደላላውንም?» አለ አባት።

ያኔ ገባት። እሱ የሚያውቀው በእጅ የተሰፋውን ነው። በመኪና የተሠራውን በምን ጣቱ ይለየው?

«ሌላ ርእስ እመርጣለሁ አባዬ።»

«የለም፣ እሱኑ ላኪ። ከሱ የተሻለ አታገኚም።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ከፊቱ በዳበሳ መቀሱን ፈልጎ አነሳና ለእናት ሰጣት። ተነስቶም የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እናት አልተቆጣችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

ድርሰቱ ተላከ፤ ኮሌጁም ተቀበላት። ሰፈሩ እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ ምን ብለሽ ጻፍሽ ያላት ግን አንድም ሰው የለም። አባት ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናው ላይ አልተቀመጠም። እናት ተተካች፤ ፔዳሉ ድሮ ከነበረው ፈጠነ፣ በሩም ከምሳ በኋላ መገርበብ ቀረ። አባት አሁን የገባውን ደንበኛ በሳሉ ይለያል፣ ሰላም ይላል፤ የደላላውን ኮት ግን አያነሳም።

አንድ ቀን ደላላው ኮቱን ለብሶ መጣና እንደ ልማዱ ምስጋናውን ያዥጎደጉደው ጀመር። አባት እጁን ዘርግቶ እጅጌውን ያዘ። ስፌቱን ከትከሻው እስከ አንጓው በጣቱ ተከተለው፤ ቀስ ብሎ፣ የሰው ሥራ እንደሚመረምር ሰው።

«ጥሩ እጅ ነው» አለ። «የሷ ነው።»

ያ ቃል የማይጠፋው ደላላ ምስጋናውን አቋርጦ ወደ እናት ዞረ። መርፌ ዓይኗን የምታሳርፍበት ስታጣ እንደ ልማዷ ክር ልታስገባ ወደ መኪናው ተነሳች። እናቷ ግን ራሷ አስገብታ ፔዳሉን መርገጥ ጀምራ ነበር።