«ጌታ ይፈልግሃል» ሲሉኝ ቢላዬን መዘዝኩ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ሰው ፊት ቆሜ መስክሬ አላውቅም። ግን ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሃሌሉያ!

የወሎ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባት ስለሌለን ያሳደገኝ ታላቄ ዳዊት ነው። ዓምና የሰፈር ልጆች ሲጣሉ በድንጋይ ተመትቶ ሞተ። የወረወረው ጌታቸው የሚባል ልጅ ነው። «ጌታ» ነበር የምንለው። የዚያን ዕለት ተሰወረ።

እኔም ትምህርቴን ተውኩ። ከጓደኞቼ ጋር ታክሲ በድንጋይ መምታት፣ የሰው ቦርሳ መንጠቅ ሆነ ሥራዬ። ካልሲዬ ውስጥ ቢላ ነበረች፤ ለጌታቸው ያስቀመጥኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋራዡ አጠገብ ቆመን ሳለ የሰፈሩ ፖሊስ አስር አለቃ ታምራት መጡ። ያውና፣ ኋላ ተቀምጠዋል! ጓደኞቼ ተበተኑ። እኔን ክንዴን ያዙና፣

«አንተ የዳዊት ወንድም፣ ጌታ ይፈልግሃል» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ የማውቀው ጌታ አንድ ብቻ ነበር!

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ፣ አጠገብህ።»

ዞር ብል ማንም የለም። «ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ! ብቻውን ነው?»

«ኧረ ከአባቱ ጋር ነው።»

«አባቱንም አልምርም!» ብዬ ቢላዋን መዘዝኩ።

ያኔ ገባቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ከዚያ እንባቸው መጣ። «ልጄ፣ እኔ የምልህ ኢየሱስን ነው» አሉኝ።

ካቴና ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ዘረጉ። «ከገደልክ በኋላ የሚይዝህ ሞልቷል። እኔ ሳትገድል ልይዝህ ነው የመጣሁት። ለእናትህ የቀረሃት አንተ ነህ።»

ቢላዋን ሰጠኋቸው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ትምህርት ቤት መለሱኝ። በየቀኑ ስወጣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ደብተሬን አሳያቸዋለሁ። ባልደረቦቻቸው «ዛሬስ ምን ሰረቀ?» ሲሏቸው «ሂሳብ፤ ከጓደኛው ቀድቷል!» ይላሉ። እሑድ እሑድ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ያመጡኝ ጀመር፤ እዚህ ጌታን ተቀበልኩ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሬን ይዤ እንደቆምኩ ጌታቸውን በካቴና አስገቡት። አየኝና አንገቱን ደፋ። ካልሲዬ ባዶ ነበር፤ ተመስገን! ይቅር ብዬዋለሁ ለማለት ገና አልቻልኩም፤ ጸልዩልኝ። ግን ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ነው፦

«ጌታቸው፣ ጌታ ይፈልግሃል።»

ልጆቻችሁ መንገድ ላይ የቀሩባችሁ እናቶች፣ እሱን ታመኑት። እኔን ከነቢላዬ ፈልጎ አግኝቶኛል። ሃሌሉያ!