እርሾዬ ላይ ያየሁት ሮዝ መስመር

ዳቦ መጋገር የጀመርኩት ከቢሮ ስመለስ እጄን የማፍታታበት ነገር ፈልጌ ነው። የሱቅ እርሾ አልጠቀምም። ፉርኖ ዱቄትና ውሃ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጬ፣ በራሱ ጊዜ እስኪነሳ ጠብቄ፣ ከዚያ ወዲህ ዱቄት እየጨመርኩ ያቆየሁት የራሴ እርሾ ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ካዛንቺስ በተከራየኋት ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ሳምንት ቆየሁ። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባቱን ረስቼ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ትቼው ነበር። ቅዳሜ ተመልሼ ክዳኑን ስከፍት፣ ከላይ፣ ከጠርሙሱ ጠርዝ አጠገብ፣ ቀጭን ሮዝ መስመር አየሁ።

ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እርሾ ላይ ሮዝ ቀለም ከታየ ተበላሽቷል፤ ጠርሙሱን አጥቦ እንደ አዲስ መጀመር ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ግን ሁለት ዓመት! በማንኪያ ላዩን ጠርጌ ጣልኩና ከስር ያለውን ነጩን ወስጄ ዱቄት ጨመርኩበት። በማግስቱ አረፋ አውጥቶ ተነሳ። በቃ፣ ድኗል አልኩ።

እሁድ ከሰዓት ሁለት ዳቦ ጋገርኩ። አንዱን እንደ ልማዴ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ለሚኖሩት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ወሰድኩላቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ነጩ የሱቅ ዳቦ አይስማማኝም ይላሉ። የእኔን ግን ይወዱታል።

«ዳቦሽ ይጎመዝዛል፤ ግን ይለመዳል» አሉኝ ሲቀበሉኝ። «ቁጭ በይ እንጂ።»

«ሌላ ቀን እትዬ» ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ የግቢያችን ዘበኛ በሩ ላይ አገኘኝ።

«አልሰማሽም? እትዬን ጎህ ሲቀድ ልጃቸው መጥታ ይዛቸው ሄደች። ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው። መቆም እንኳ አልቻሉም።»

 የበሩን ብረት ይዤ ቆምኩ። ያ ሮዝ መስመር ዓይኔ ላይ መጣ። ለልጃቸው ደወልኩ። ላንቻ ነው የምትኖረው፤ በዕድሜ እንቀራረባለን።

«ስታዲየም አካባቢ ያለው ሆስፒታል ነን» አለችኝ። «ግሉኮስ ተተክሎላቸዋል። ገና ምርመራ ላይ ናቸው።»

«ማታ ምን በልተው ነበር?»

«ያንቺን ዳቦ ነዋ፣ በሻይ። ሌላ ምንም አልቀመሱም። የተረፈውን እኔ ይዤው መጥቻለሁ፣ ቁርስ እንኳ ሳልበላ ነው የወጣሁት።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ።  «መጣሁ» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቢሞቱስ? ልጅቷም ብትበላስ? መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እዚያው ተቀምጬ ሌላም ነገር አሰብኩ፦ ማንም አላየኝም፤ ዝም ብል ማን ያውቃል? ቤት ያለውን ሁለተኛውን ዳቦ ከነእርሾው ብጥለው አለቀ። ይህን ማሰቤ ከሕመማቸው በላይ አስፈራኝ። ረዳቱ ሁለቴ ሂሳብ ቢለኝ አልሰማሁትም፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

ክፍሉን ጠይቄ ስገባ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ልጃቸው ዳቦውን ጭኗ ላይ በፌስታል ዘርግታ እየቆረሰች ነው። አንዱን ቁራሽ ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ ሰጥታለች፤ ሴትየዋ እያኘኩ ነበር።

«አትብሉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ሮዙን መስመር፣ ማንኪያውን፣ እያወቅኩ መጋገሬን። ሴትየዋ አፋቸው ውስጥ ያለውን መሐረባቸው ላይ ተፉት። ልጅቷ ቁራሹን እንደያዘች ቀረች።

«እያወቅሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እያወቅሽ ነው ለእናቴ የሰጠሽው?»

 ሐኪሙን ጠርታ ፊት ለፊቱ እንደገና እንድናገር አደረገችኝ። ወጣት ነው፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና የላብራቶሪውን ወረቀት አገላበጠ።

«ስኳራቸው በጣም ወርዶ ነው የመጡት» አለ። «የማታ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ረስተው ደግመው ሳይወስዱት አልቀረም። ልጃቸው ያመጣቻቸውን እንክብሎች ቆጥረናቸዋል፤ ጎድለዋል። ለዚህ ዳቦው ተጠያቂ አይመስለኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ግን እሳት ሁሉንም ነገር አይገድልም። የበላ ሰው ሁሉ እስከ ነገ ራሱን ይከታተል። አንቺም የሠራሽው ልክ አይደለም።»

ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። የእፎይታ ይሁን የኀፍረት ለይቼ አላውቀውም። ያን ቀን ቢሮ አልሄድኩም፤ እስከ ማታ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየሁ። ስልክ በጮኸ፣ ነርስ በፍጥነት ባለፈች ቁጥር ብድግ እል ነበር። በማግስቱ ሴትየዋ ደህና ነበሩ፤ ልጅቷም ደህና ነበረች።

እትዬ በሦስተኛው ቀን ወጡ። ልጃቸው ሁሉንም ነግራቸዋለች። ልጠይቃቸው ስገባ እጄን ይዘው፣ «እኔስ መድኃኒቴን ሁለቴ የምውጥ ጅል ነኝ፤ አንቺ ግን ምን ነካሽ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሻይ አስቀዱልኝ። ልጃቸው ግን ሻዩን አስቀምጣልኝ ሳታየኝ ወጣች፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው። አልፈርድባትም።

ጠርሙሱን ከነክዳኑ ጣልኩት። ሌላ እርሾ ለመጀመር አምስት ወር ፈጀብኝ፤ አሁንም ስከፍተው መስኮቱ ጋ ወስጄ በብርሃን አየዋለሁ። ለሰው ከመስጠቴ በፊት እኔ ራሴ በልቼ አንድ ቀን እጠብቃለሁ። በዚያች ቀን ሆዴ ትንሽ ሲጮህ እንኳ ሥራዬን አቁሜ አዳምጠዋለሁ።