ከሰል አክሳዩ ሚንቾና የኢሚትሊ በረዶ

በመንደራችን በዘሌኖ ድረቮ ሚንቾን የሚያምነው ሰው አልነበረም። ከሰል አክሳይ ነው፤ ጫካ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ከሰሉን ለእኛም፣ ከተራራው ማዶ ላሉት ቱርኮችም ሲሸጥ ኖሯል፤ ቋንቋቸውንም አቀላጥፎ ይናገራል። ጦርነቱ በመጣበት ነሐሴ፣ ሺፕካ ተራራ አናት ላይ ቱርኮቹን የሚገቱት ሩሲያውያንና የእኛ ወዶ ዘማቾች በውሃ ጥም ሲያልቁ፣ ሰው ሁሉ በርሜል በአህያ እየጫነ ሲያመላልስ እሱ ጠፋ። ሲመለስ የት እንደከረመ ተጠየቀ። "ጫካ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ እሱ ሲያልፍ በር ትዘጋ ጀመር።

ታኅሣሥ ላይ የሩሲያ ጦር በኢሚትሊ የተራራ መተላለፊያ በኩል ተሻግሮ ቱርኮቹን ከኋላ ሊይዛቸው ተነሣ። በረዶው ደረት ይደርሳል። ከፊት ለሚሄደው ጓድ መንገድ መሪ ሲፈለግ፣ ፈቃደኛ የሆነው ሚንቾ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቻችን መቶ አለቃውን ገለል አድርገው፣ ይህ ሰው ገደል ይከታችኋል አሉት። መቶ አለቃው ሚንቾን ወገቡን በገመድ አስሮ ጠባቂው እንድሆን ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ። ሽጉጥም ጨመረልኝ።

ሚንቾ ገመዱን አየት አደረገና፣ "ራልቾ፣ ስትተኩስ እንዳትንሸራተት። ተያይዘን ነው የምንወርደው" አለኝ።

በማግስቱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ሁላችንም የምናውቀው የቀኙን ነው። እሱ ወደ ግራ ታጠፈ። ሽጉጡን መዘዝኩ።

"መንገዱ በቀኝ ነው" አልኩት።

"እሱ በረዶ በሌለበት ጊዜ ነው። አሁን ንፋሱ ሸለቆውን በበረዶ ሞልቶታል። ካላመንከኝ ሰው ልከህ እይ።"

መቶ አለቃው ሁለት ወታደር ላከ። ጥቂት እንደሄዱ አንደኛው እስከ አንገቱ ሰጠመ፤ ጎትተን ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ያም ሆኖ ሽጉጡን ወደ መቀነቴ አልመለስኩም። ይህቺ ማዘናጊያ ትሆናለች፣ ወጥመዱ ከፊት ነው እያልኩ፣ ጥዱን ሁሉ በጥርጣሬ እያየሁ ወረድኩ። ወጥመድ አልነበረም። በሰላም ሜዳው ላይ ደረስን፤ በቀናት ውስጥም ሼይኖቮ በምትባል መንደር አጠገብ ውጊያ ተደርጎ የቱርክ ጦር እጁን ሰጠ።

መንደራችን ግን፣ ያንን መንገድ ከየት አወቀው፣ ማንንስ ሲያሻግርበት ኖሯል ይል ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ሚንቾ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ጠርሙስ ራኪያ የሚባለውን አረቄ ይዞ እህቴን ኔዳን ለትዳር ሊጠይቅ መጣ። እሷ ትወደው ነበር። አባቴ ጠርሙሱን ሳይነካ፣ በነሐሴ የት እንደነበረ ጠየቀው።

"ዛጎራ ከተማ በቱርኮቹ ስትቃጠል የሸሹትን ሰዎች ሳሻግር ነበር" አለ ሚንቾ።

"ማን ይመሰክርልሃል?"

"እነሱ ናቸዋ። አሁን የት እንዳሉ ግን አላውቅም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ አብረኸው ሄደሃል። ይታመናል?"

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ከበሩ አጠገብ ታየኛለች።

"እንጃ" አልኩ።

ሚንቾ ጠርሙሱን ትቶ ወጣ። በሳምንቱ ወደ ዳኑብ ወንዝ ወረደ አሉ። ራኪያውን አባቴ፣ ምን እንደጨመረበት ማን ያውቃል ብሎ ደፋው። ኔዳ በኋላ ጋብሮቮ ለሚኖር አንድ ሸማኔ ተዳረች። በሠርጓ ቀን ሁሉንም ስትስም፣ እኔን ዘለለችኝ።